ማክስኤንት፦ ጥድ የት እንደሚስማማው ለማወቅ ምን ያህል ይታመናል?

ማክስኤንት አንድ ዝርያ የት እንደሚስማማው የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ በጃቫ ይሠራል፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ኮዱ ክፍት ነው። ዛፉ የተገኘባቸውን ነጥቦች ከአየር ንብረት ካርታ ጋር ያገናዝብና የትኛው ቦታ ዛሬ እንደሚስማማው፣ የትኛው ከ2041 እስከ 2060 ባለው ጊዜ እንደሚስማማው ከ0 እስከ 1 ባለው እሴት ያሳያል። ለሐበሻ ጥድ ወይም ለኮሶ የመትከያ ወረዳ ለሚመርጥ ባለሙያ ይጠቅማል፤ የሚያስቸግረው ሲሳሳት ዝም ማለቱ ነው።

የነጥቦቹ ፋይል ቅደም ተከተል የዝርያ ስም፣ ኬንትሮስ፣ ኬክሮስ ነው። ሁለቱን ካቀያየራችሁ አዲስ አበባ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገባለች። ይህስ ቶሎ ይታያል። የማይታየው የዎርልድክሊምን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚመገበውን የአየር ንብረት ካርታ፣ እትሞች መቀላቀል ነው፦ በ1.4 እትም 18 ዲግሪ 180 ተብሎ ተጽፏል፣ በ2.1 ግን 18 ነው። ፕሮግራሙ አያጉረመርምም፤ ቆንጆ የሚመስል የውሸት ካርታ ያወጣል።

የዎርልድክሊምን 19 የአየር ንብረት መለኪያዎች (ከባዮ 1 እስከ ባዮ 19) ሁሉንም አትጫኑ። በተለይ ባዮ 8ን፣ ማለትም የእርጥቡን ሩብ ዓመት ሙቀት፣ ተዉት። ለጎጃም እርጥቡ ወቅት ክረምት ነው፤ ለቦረና ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ካርታው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ባዮ 9፣ 18 እና 19ም ያው ናቸው።

ትልቁ ወጥመድ ነጥቦቹ ራሳቸው ናቸው። ሰሜን ውስጥ ጥድ በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ አየሩ ስለተስማማው ብቻ ሳይሆን መጥረቢያ ስላልደረሰበት። ሞዴሉ ይህን አያውቅም። በአንድ ፒክስል፣ ማለትም በአንድ የካርታው ካሬ፣ አንድ ነጥብ ብቻ አስቀሩ፤ ሞዴሉ ለማነጻጸሪያ የሚወስደውን 10,000 የዳራ ነጥብም ከደጋና ወይናደጋ ብቻ ውሰዱ። ዳራው አፋርን ካካተተ ኤዩሲው (ሞዴሉ የሚስማማውን ቦታ ከዳራው ምን ያህል እንደሚለይ የሚያሳየው፣ እስከ 1 የሚደርስ ነጥብ) 0.95 ቢወጣም የነገራችሁ ጥድ ደናክል ላይ አይበቅልም የሚለውን ነው፤ ያንንማ ማን ያጣዋል!

ፒክስሉ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገደል አፋፍ ላይ በዚያ ርቀት 300 ሜትር ቁልቁል ቢኖር የሙቀቱ ልዩነት ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል፣ ካርታው ግን አንድ ቀለም ይቀባዋል። የአፈሩን ጥልቀትና ልቅ ግጦሹንም አያይም። ስለዚህ ለቀዳሚ ማጣሪያ እንጂ ለችግኝ ጉድጓድ ዕቅድ አይሆንም። ለወደፊቱ ስትተነብዩ የሜስ (MESS) ትንተናውን፣ ማለትም የወደፊቱ አየር ሞዴሉ ከተማረበት ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚለካውን፣ አብሩት፤ እሴቱ ከዜሮ በታች የሆነበት ቦታ ሞዴሉ አይቶት የማያውቀው አየር ስለሆነ፣ እዚያ ቀለሙ ምንም ቢያምር ገንዘብ አትመድቡበት።