ሳህን ላይ ያለ ሴል ወይስ አይጥ?

ኤፒተሊዮይድ ሄማንጂዮኢንዶቴሊዮማ፦ ስሙ ራሱ ምላስ ያስራል። የደም ሥርን ውስጠኛ ክፍል ከሚሸፍኑ ሴሎች የሚነሳ፣ እምብዛም የማያጋጥም ዕጢ ነው፤ ሳንባንም ጉበትንም ይይዛል።

ዕጢውን የሚያጠና ተመራማሪ ሴሉን ላብራቶሪ ሳህን ላይ ያሳድግ ወይስ በአይጥ ላይ ያጥና? ሳህን ላይ ቢያሳድግ ርካሽ ነው። ብዙ መድኃኒት በቀናት ውስጥ ይሞክርበታል። ግን ሳህን ላይ ደም አይዘዋወርም፣ ሳንባም አይተነፍስም። ለደም ሥር ዕጢ ይሄ ቀላል ጉድለት አይደለም። ታማሚው ጥቂት ስለሆነ ደግሞ ናሙናው የሚገኘው በመከራ ነው።

አይጧ ውድ ናት፤ ወራት ትፈጃለች። እኔ ግን መንስኤ ፍለጋ ከሆነ እሷን እመርጣለሁ። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ታዝ እና ካምታ1 የተባሉ ጂኖች ተጣብቀው እንደሚገኙ የታወቀው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህ መጣበቅ ዕጢውን እንደሚያስነሳ በ2021 ያሳየችው አይጧ ናት።