ሦስት ወር እስር ወይስ ገደብ?

እንበል፣ አንድ ጫኝና አውራጅ ሰፈር ውስጥ ተደባደበ። ጉዳቱ ቀላል ነው። ሰውየው ከዚህ በፊት ተከስሶ አያውቅም። ዳኛው ምን ያድርገው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቀላል እስራትን በመሠረቱ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ያደርገዋል። ሦስት ወር ቢፈረድበት ተበዳዩ እፎይ ይላል፤ ቢያንስ በየመንገዱ ማንም አይገላምጠውም። ግን ወጪውን ማን ይከፍላል? የታሳሪው የቀን ገቢ ይቀራል፣ የቤት ኪራዩ ግን አይቀርም። ሚስቱ ስንቅ ታመላልሳለች፤ የታክሲውም ከእሷ ኪስ ነው። እሱ ደግሞ ልምድ ካላቸው ሌቦች ጋር አድሮ የማያውቀውን ሙያ ተምሮ ሊወጣ ይችላል።

ሕጉ ሌላም አማራጭ አለው። አንዱ የግዴታ ሥራ ነው፤ ጥፋተኛው ሳይታሰር እየሠራ ከገቢው ለመንግሥት ይቆረጣል። ወረቀት ላይ ያምራል። ቀን በቀን ለሚሠራ ሰው ግን ከየትኛው ደመወዝ?

እኔን የሚያሳምነኝ ገደብ ነው። ቅጣቱ ይወሰናል፣ አይፈጸምም። በገደቡ ጊዜ ሌላ ወንጀል ከሠራ የድሮውም ይመጣበታል። ይህ ፍርሃት ቀላል ልጓም አይደለም። ተበዳዩ ግን በማግስቱ ሻይ ቤት ሲያየው «ታዲያ ምኑ ተቀጣ?» ቢል አልፈርድበትም። ስለዚህ የሕክምናውን ወጪና የቀረበትን ገቢ ይካሰው፤ ሽማግሌም ገብቶ ያስታርቃቸው።

ጥፋተኛው ሚስቱን ደጋግሞ የሚደበድብ ከሆነ ግን ገደቡም ሽምግልናውም ይቅርብኝ። እሱ ይታሰር።