አንድ ሰባ ስድስተኛ፦ የእንግሊዝ ባቡርና ላንድሮቨር በደሴ ጠረጴዛ ላይ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከእንግሊዝ አገር ስትመጣ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ይዛልኝ መጣች። በትልቁ ሳጥን ውስጥ የእንፋሎት ባቡር፣ በትንሹ ውስጥ ደግሞ ሻንሲው ረጅም የሆነው ባለሸራ ላንድሮቨር ነበር፤ ሁለቱም ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያህል ያነሱ፣ የእንግሊዝ ኩባንያዎች የሠሯቸው ሞዴሎች ናቸው። ቴክኒካል ድሮዊንግ በማስተማር የኖርሁ ሰው በመሆኔ፣ እንዲህ ያለ ነገር እጄ ሲገባ ቀድሜ የማነሣው ካሊፐር የሚባለውን ትንንሽ ርቀት መለኪያ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ተነሥቶ ብርሃን በመስኮቴ በሚገባበት ሰዓት፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ሁለቱን እየለካሁ፣ እያገላበጥሁና ከታተሙ መጠኖች ጋር እያመሳከርሁ ቆይቻለሁ። የሞዴል ትክክለኛነት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚቆጥረው ስንት ሪቬት፣ ስንት ቱቦ፣ ስንት እጀታ እንዳለው ነው፤ እኔ ግን ዝርዝር የሚመዘነው ልኩና ቅርጹ ከተገኘ በኋላ ነው ባይ ነኝ፣ ግምገማዬም በዚሁ መሠረት የተጻፈ ነው።

የመጠኑን ነገር ላስቀድም። በእንግሊዝ አገር በስፋት የሚሠራበት የሞዴል ባቡር መጠን ኦኦ ይባላል፤ የእውነተኛው አንድ ጫማ በሞዴሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጫማው 304.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ4 ሲካፈል 76.2 ይመጣል፤ በሳጥኖቹ ላይ 1፡76 ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው። የቀረው አውሮፓና አሜሪካ በብዛት የሚጠቀሙት 1፡87 በመሆኑ፣ ገዢው ሳጥኑን ሳያነብ ሁለቱን ቢያቀላቅል አንዱ ከሌላው አጠገብ ሲቆም ዓይን ይረብሻል።

ባቡሩ ግሬት ዌስተርን የተባለው የእንግሊዝ የባቡር ኩባንያ 5700 ብሎ የሰየመው ዓይነት ነው። ከ1929 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ድረስ 863 ያህል የተሠሩ፣ ፉርጎ ለማቀያየርና በአጫጭር መስመሮች ላይ ሰውና ዕቃ ለማመላለስ የዋሉ ትጉህ ባቡሮች ናቸው። ውሃውን የሚይዙት ሁለት ጋኖች በቦይለሩ፣ ማለትም እንፋሎቱ በሚፈላበት በርሜል፣ ግራና ቀኝ ከፍ ብለው ስለተንጠለጠሉ፣ እንግሊዞች «ፓኒየር» የሚለውን ስም ያወጡለት በጭነት ከብት ጎንና ጎን ከሚንጠለጠለው ቅርጫት ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ግመል ሲራገፍ ያየ ሰው ይህን ስም ለመረዳት ሥዕል አያስፈልገውም። ጋኖቹ እንዲህ መሰቀላቸውም ምክንያት አለው፤ ኩባንያው ቤልፔር የሚባለውን አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ የእሳት ምድጃ ስለመረጠ፣ ቀድሞ እንደ ኮርቻ በቦይለሩ ላይ ይጫን የነበረው ክብ ጋን በዚያ ማዕዘን ባለው ትከሻ ላይ አልደላደል አለ። ሞዴሉ የሚመሰገነው ገና ከዚህ ነው፤ ምድጃው ከጋኖቹ መካከል ብቅ የሚልበት ጠፍጣፋ አናት፣ የጋኖቹ የላይኛው ጠርዝ የሚጎብጥበት ልክ፣ በጋኖቹና በእግረኛ መድረኩ መካከል የሚታየው ክፍተት ሁሉ ተጠብቋል። በዚያ ክፍተት ብርሃን ከወዲያ ወዲህ ያልፋል፤ ይህ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ሞተርን በቦይለሩ ውስጥ ለመደበቅ ሲባል ቦታው በፕላስቲክ የተደፈነባቸው የቆዩ ሞዴሎች ነበሩና።

ወደ ካሊፐሩ ልመለስ። በእውነተኛው ባቡር ላይ ከፊተኛው ጎማ ማዕከል እስከ መካከለኛው 7 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ከመካከለኛው እስከ ኋለኛው 8 ጫማ ከ3 ኢንች ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ስሌት 29 እና 33 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ስለካው 29 እና 33 ሆኖ አገኘሁት፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለክቼም አልተለወጠም። የጎማው ዲያሜትር 4 ጫማ ከ7 ኢንች ተኩል ስለሆነ 18.5 ሚሊ ሜትር ይጠበቃል፤ የሞዴሉ 18.2 ነው። ይህን ስሕተት ብዬ አልመዘገብሁትም፤ የእውነተኛ ባቡር ጎማ በአገልግሎት ሲበላ በቶርኖ እየተላጠ ዲያሜትሩ ይቀንሳልና፣ ወደ እውነተኛው ሲመለስ 23 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ጉድለት ሥራ ላይ የኖረ ጎማ ሊኖረው የሚችለው ነው። የባቡሩ መለያ ቁጥር በ96 ይጀምራል፤ በዚህ ቁጥር የሚጀምሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ የተሠሩት ሲሆኑ፣ ከ1933 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣውን መስኮቱ ሰፋ ያለ ካቢን ይዘዋል፣ ሞዴሉም ካቢኑን ከቁጥሩ ጋር አስማምቶ ሠርቶታል። ቁጥርና አካል አለመስማማት በዚህ ሙያ ውስጥ በቶሎ የሚታለፍ፣ ለእኔ ግን ትልቁ ኃጢአት ስለሆነ እዚህ ላይ ሠሪዎቹን ከልብ አመሰግናለሁ።

ከፊት ለፊት ሲታይ ግን አንድ ነገር አለ። ባቡሩ እግሩን ገጥሞ የቆመ ይመስላል። የመደበኛው ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእኛው በኮምቦልቻ በኩል ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋውም ሐዲድ ስፋቱ ይኸው ነው፣ ተማሪዎቼን ወስጄ በሜትር አስለክቻቸዋለሁ። ይህ ለ76.2 ሲካፈል 18.83 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የኦኦ ሐዲድ ግን 16.5 ብቻ ነው። መልሰን ስናበዛው 1257 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፋት ጎድሏል ማለት ነው። መነሻው የሞዴል ሠሪው ስንፍና አይደለም። የ16.5 ሐዲድ ልክ የሚሆነው ለ1፡87 ነው፤ የእንግሊዝ ባቡሮች ግን ድልድዩና ዋሻው ጠባብ ሆኖ ስለተሠራ አካላቸው ከሌላው አውሮፓ ባቡር ያንሳል፣ የዚያን ጊዜው ሞተርም በዚያ መጠን በተሠራ ቦይለር ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ ሐዲዱን እንደነበረ ትተው አካሉን ብቻ አሳደጉት፤ የእንግሊዙ ሞዴል ሠሪ ሆርንቢ በ1938 እ.ኤ.አ. ደብሎ የተባለውን ባቡሩን በዚሁ ሲያወጣ ነገሩ ጸንቶ ቀረ። ይህን ያልወደዱ ሰዎች 18.2 ሚሊ ሜትር ሐዲድ፣ ከዚያም የባሰ ጠንቃቆቹ 18.83 የሆነውን አበጅተው፣ ጎማውን አውልቀው ሐዲዱን በእጃቸው እያነጠፉ ይሠራሉ። እኔ የምለው፣ ሁሉም ተስማምቶ የያዘውን ጉድለት የአንድ ምርት ጉድለት አድርጎ መቁጠር አይገባም፤ ሆኖም ገዢው አውቆት ይግዛ።

ሌላው የቁሳቁሱ ውፍረት ነው። የካቢኑ ግድግዳ 0.8 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ነው፤ ወደ እውነተኛው ሲመለስ 6 ሴንቲ ሜትር ላሜራ ሊሆን ነው፣ እንዲህ ያለ ላሜራ ደግሞ ለካቢን አይሠራም። ሠሪዎቹ ይህን ስላወቁ የመስኮቱን ጠርዝ ከውስጥ በኩል ሰያፍ አድርገው አቅጥነውታል፤ ዓይን የሚያየው ጠርዙን ብቻ ስለሆነ ቀጭን ይመስላል። ፉርጎ የሚያያዝበት መንጠቆ ትልቅ ነው፣ አሠራሩ ስለሚያስገድድ ይሁን። አካሄዱ ለስላሳ ነው፤ በዝግታ ሲነሣ አይንቀጠቀጥም።

ስለ ላንድሮቨሩ የምጽፈው በሌላ ልብ ነው። ባቡሩን በመጠን እንጂ በዓይኔ አላውቀውም፤ ላንድሮቨርን ግን ከመጠኑ በፊት በዓይኔና በጉልበቴ አውቀዋለሁ። አባቴ ከደሴ ወደ ኩታበርና ወደ ተንታ ባለሸራውን ሲነዳ፣ ከኋላ በሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ በመካከላችን ጤፍና ዶሮ ይዘን የሄድነው መንገድ ብዙ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ መኪና፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ ጠርዞቹ ብቻ በጋለቫናይዝድ ብረት ተከፈፉ። ሞዴሉ ላይ ያ ግራጫ ክፈፍ በስፖንዳው አናት ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሥሏል፤ አጉሊ መነጽር ይዤ ስመለከተው ዳር እስከ ዳር አልተቆረጠም። በ1958 እ.ኤ.አ. ሲሪስ 2 የተባለው ዓይነት ሲወጣ የመጣው ከመስኮት በታች በጎን ገፋ ያለው ትከሻም አለ። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 109 ኢንች በመሆኑ 36.3 ሚሊ ሜትር ይጠበቅ ነበር፤ 36.4 ሆኖ አገኘሁት። መሪው በቀኝ ነው፤ እኛ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መንዳት ስለተሻገርን የአባቴ መሪ በግራ ነበር፣ ለእንግሊዝ መኪና ግን ትክክሉ ይኸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ ሹፌር ጎረቤቴ ለቡና ሲመጡ ሞዴሉን መዳፋቸው ላይ አኖርሁላቸው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ ወደ መስኮቱ ጥቂት ዘወር ብለው አዩትና፣ «ይህማ የኋለኛው ነው፣ ልጄ። የዚያ የድሮው ዓይኑ መሀል ለመሀል ነበር» አሉኝ። በሳጥኑ ላይ «ሲሪስ 2፣ 1959» ተብሎ ታትሟል፤ የፊት መብራቶቹ ግን በፓራፋንጎዎቹ ላይ ናቸው። በ1959 የተሠራ ላንድሮቨር መብራቶቹ በራዲያተሩ ወንፊት ግራና ቀኝ ተጠጋግተው የሚታዩ ነበሩ፤ ወደ ፓራፋንጎው የወጡት በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የአንዳንድ አገሮች የመብራት ሕግ ስለተለወጠ ነው። እኔ በካሊፐር ሁለት ወር ያላየሁትን እርሳቸው አንድ ስኒ ቡና ሳይጨርሱ አዩት። ለካ የለካሁት ቁጥር ያለበትን ብቻ ኖሯል፤ የመኪናውን ፊት አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ጎማውን በሌላ ዓይን አየሁት። ሹፌሮች «ሰባት ሃምሳ» የሚሉት ጎማ ወርዱ 7 ኢንች ተኩል ስለሆነ በሞዴሉ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል፤ የዚህኛው 3.1 ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ወደ እውነተኛው ሲመለስ 23.6 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጎማ ይሆናል፣ ከኋላ ሲታይም መኪናው ቀጭን እግሩን ትቶ እንደ ትራክተር የቆመ ያስመስለዋል። በኮፈኑ ላይ የተኛው ስኮርታ ግን በትክክለኛ ወርዱ መሠራቱ ይበልጥ አስቆጨኝ፤ ልኩን እንደሚያውቁት ያሳያልና።

ለባቡሩ ከ100 ፓውንድ በላይ፣ ለመኪናው ደግሞ ወደ 10 ፓውንድ እንደተከፈለ የአክስቴ ልጅ ነግራኛለች። በዚህ ዋጋ ባቡሩ ለስሙም ለልፋቱም የሚመጥን ነው፤ ቅርጹን የሚያከብር፣ ቁጥሩን ከአካሉ ያስማማ ሞዴል ለሚፈልግ ሰው ያለማመንታት እመክርለታለሁ። ላንድሮቨሩን ከባቡር ጣቢያ ሞዴል አጠገብ ለማቆም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሊገዛው ይችላል፤ በዘመኑ የኖረበት ሰው ግን የመጀመሪያውን ዕይታ ከፊት ለፊት ያድርግ።

እኔ በበኩሌ መብራቶቹን ከፓራፋንጎው ላይ በቀጭን ሞረድ አንሥቼ፣ በወንፊቱ ላይ ከማዕከሉ እኩል የራቁ ሁለት ነጥቦች ምልክት አድርጌያለሁ። መብሻው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከመብሳቴ በፊት ጎረቤቴ ቦታውን አይተው እንዲያጸድቁልኝ ለቅዳሜ ቡና ጠርቻቸዋለሁ።