በሲም ካርድ የሚሠራው የጥበቃ ካሜራ፣ ክረምቱን ካለፈ በኋላ

ቢሾፍቱ ዳር ባለው የዶሮ እርባታችን በር ላይ ይህን ቻይና ሠራሽ ካሜራ ያሰቀልኩት ለፋሲካ ገበያ ዶሮ በምናደርስበት ሰሞን ነው፤ አሁን ጥር ገብቷል። የ4ጂ ሲም ካርድ ይወስዳል፤ ባትሪውን የምትሞላው ትንሽ ሶላር ናት። መብራትም ዋይፋይም ለሌለው ግቢ የሚሆነው እንዲህ ያለው ብቻ ነው።

እኔ የምወድለት ምስሉን እዚያው ራሱ መመርመሩን ነው። ሙቀት ያለው አካል ሲያልፍ ሴንሰሩ ካሜራውን ይቀሰቅሰዋል፤ ውስጡ ያለው ቺፕ ሰው፣ እንስሳ ወይም መኪና መሆኑን ይለይና ሰው ከሆነ ብቻ አጭር ቪዲዮ ወደ ስልኬ ይልካል። የቀረው ሚሞሪ ካርዱ ላይ ይቀመጣል። ከዚህ በፊት የነበረን ካሜራ የቀረጸውን ሁሉ ወደ ሩቅ ሰርቨር ስለሚጭን የኢንተርኔት ጥቅሉ ወር አይደርስም ነበር፤ አሁን ይተርፋል። ኔትወርክ ሲጠፋም መቅረጹን አያቆምም።

የሚያስቸግረኝ ጋቢ ነው። ዘበኛችን ሌሊት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሩ ሥር ሲቀመጥ ካሜራው ሰው መሆኑን አያውቅም። በሌሊቱ ጥቁርና ነጭ ምስል ላይ ትከሻው ከጉልበቱ አይለይም፤ የሚታየው አንድ ነጭ ክምር ነው። ተነሥቶ ጥቂት ሲራመድ ግን ወዲያው ይለየዋል። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ በብርድ ሌሊት አጥር ሥር የሚያደባ ሌባም ጋቢ ይለብሳል። ቺፑ ሰውን መለየት የተማረባቸው ምስሎች ውስጥ ጋቢ የለበሰ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማንኛውንም እንቅስቃሴ እንዲያሳውቀኝ አደረግሁት፤ በዚህም የተነሣ የጅብ ቪዲዮ በየሌሊቱ ይደርሰኛል።

በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሶላሯን አሸንፏት ባትሪውን እያወረድን ቤት ወስደን ሞልተናል። መስከረም ሲጠባ ችግሩ ቀረ።

5ጂ እስኪስፋፋ ልጠብቅ ወይ ለሚል፣ እኔ አልጠብቅም። ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ዕቃ የታሰበው ሬድካፕ የተባለው ቀለል ያለ የ5ጂ ዓይነት ዓለም አቀፍ የአሠራር ደረጃ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጥቶለታል፤ ነገር ግን አጭር ቪዲዮ ለሚልክ ካሜራ 4ጂ ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት መሣሪያው በአካባቢያችሁ ያለውን የ4ጂ ሞገድ መቀበሉን አረጋግጡ፤ ከተቻለም ጋቢ የለበሰ ሰው አስቀምጣችሁ በጨለማ ሞክሩት። እኔ ለጓሮው አጥር ሁለተኛ ልገዛ ነው፤ እሱን ግን ሰው ተቀምጦ ሊያድር በማይችልበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ እሰቅለዋለሁ።