የጥድ ሰጋቱራ ወይስ የድሮ ቤት ቋሚ?

የጥድ ዘይት ማውጣት ያማራቸው ጓደኞቼ ሁሉ «ሰጋቱራ እያለ ለምን ቋሚ ትገዛለህ?» ይሉኛል። እዚህ ሐዋሳ አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ የገዛሁት በ120 ብር ነው፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ አንድ የጥድ ቋሚ ደግሞ በ400። እኔም መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ርካሹ ነበር።

ሦስት ማዳበሪያ 360 ብር፣ ባጃጅ 200። 50 ኪሎ ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ በርሜል ውስጥ በእንፋሎት ስቀቅለው ውዬ የወጣው ዘይት 90 ሚሊ ሊትር፣ ያውም ኮላ ኮላ የሚሸት! ከማዳበሪያው የተረፈውን ዘርግቼ ሳየው ቀይ ፍርፋሪው ጥቂት ነው፤ ሌላው ባህር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድና የኤምዲኤፍ (በኮላ የተጣበቀ የፋብሪካ ጣውላ) ብናኝ። ሻጭ «ጥድ ነው» ካላችሁ «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» በሉት፤ ሁለቱ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፣ የምንፈልገው ቀዩን የሐበሻውን ነው። ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ደቃቅ ሰጋቱራ ተከምሮ ሲሰነብት ጠረኑ ይተናል፤ በርሜል ውስጥ ደግሞ ይጋገርና እንፋሎቱ በአንድ በኩል ብቻ ሾልኮ ይወጣል።

ቋሚ ስትገዙ ጥላሸት የጠጣውን፣ የቤት መሆኑ የሚታወቀውን ምረጡ። የሐበሻ ጥድ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ክልክል ስለሆነ እርጥብ ግንድ በርካሽ የሚያመጣላችሁን አትግዙት። ዘይቱ ያለው ቀዩ ልብ ውስጥ ነው፤ ነጩን ዳር በመጥረቢያ ጥረቡት። ምስጥ ያልደፈረው ያ ቀይ እንጨት ዛሬም ሲሰነጠቅ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል።

አራት ቋሚ 1,600፣ መኖ ወፍጮ ቤት ማስፈጫ በኪሎ 5 ብር ሒሳብ 250፣ ማጓጓዣ 300። በድምሩ 2,150 ብር። ከ50 ኪሎ ቀይ እንጨት 900 ሚሊ ሊትር አገኘሁ። በሊትር ስታሰሉት የቋሚው 2,400 አይሞላም፤ «ርካሹ» ሰጋቱራ ከ6,200 ያልፋል። ማገዶው ሳይቆጠር ነው።

የቋሚ ጣጣው ሚስማር ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ሳላየው የቀረ አንድ ሚስማር የወፍጮውን ወንፊት በጣጠሰው። ወንፊት 1,800፣ ብየዳ 400 ከፈልኩ፤ የባለ ወፍጮውም ሥራ ሁለት ቀን ቆመ። አሁን ከተበላሸ ስፒከር ባወጣሁት ማግኔት እያንዳንዱን ቁራጭ ሳልፈትሽ አላስፈጭም። ወንፊቱም ቀዳዳው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የዱቄቱን አታስገጥሙ። እንጨቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ወፍጮው ይግላል። ቤቱን የሚሞላው ያ ደስ የሚል ሽታ እየተነነ የሚጠፋው የእናንተው ዘይት ነው።

ሰጋቱራ የምገዛው አናጺው የሐበሻ ጥድ ብቻ ዓይኔ እያየ ሲሰነጥቅ ነው፤ ያንኑ ዕለት በርሜል ከገባ 120 ብሩ አይቆጨኝም።