ሊነክስ ለሪል ታይም፦ ፕሪኤምፕት አርቲ ወይስ ዜኖማይ?

ሪል ታይም ማለት ሥራው በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ለመጠናቀቁ ዋስትና ማግኘት ነው፤ ፕሪኤምፕት አርቲና ዜኖማይ ይህን ወደ ሊነክስ የሚያመጡ ሁለት መንገዶች ናቸው። ሁለቱም ክፍት ኮድ ናቸው፤ የፈቃድ ክፍያ የላቸውም። ዋጋቸው የሚለየው በሚጠይቁት የመሐንዲስ ሰዓት ነው።

አሠራር፦ ፕሪኤምፕት አርቲ ራሱን ከርነሉን (የሊነክስን እምብርት) ይለውጣል፤ አብዛኞቹ ስፒንሎኮች (የጋራ መረጃን የሚጠብቁ የከርነል ቁልፎች) የያዛቸውን ሥራ አስቸኳይ ሥራ ሊያቋርጠው የሚችል ይሆናሉ፣ ኢንተራፕቶችም (ከመሣሪያዎች የሚመጡ የማቋረጫ ምልክቶች) የቅድሚያ ደረጃ ባላቸው ትሬዶች (ለየብቻ በሚሄዱ የሥራ ክሮች) ይስተናገዳሉ። ዜኖማይ ግን ከሊነክስ ጎን ሁለተኛ ትንሽ ከርነል ያስቀምጣል። ኢንተራፕት ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው ይህ ትንሹ ነው፤ ሊነክስ ተራ የሚያገኘው እሱ ሥራ ሲፈታ ብቻ ነው።

ድካም፦ ፕሪኤምፕት አርቲ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሊነክስ 6.12 ከዋናው ኮድ ጋር ስለተዋሐደ፣ በኤክስ86፣ በኤአርኤም64 እና በሪስክ ፋይቭ ፕሮሰሰሮች ላይ ምርጫውን አብርቶ ከርነሉን መገንባት ይበቃል። ዜኖማይ ከከርነሉ ቅጂ ጋር የሚገጥም ማሻሻያና ለእሱ የተጻፈ ድራይቨር (መሣሪያን የሚያንቀሳቅስ ኮድ) ይፈልጋል። በየዝማኔው የሚመለስ ራስ ምታት ነው።

አደጋ፦ በዜኖማይ የመቆጣጠሪያ ዙር (በየተወሰነ ጊዜ በሚደጋገመው ሥራ) ውስጥ ፋይል ላይ የሚጽፍ አንድ ተራ የሊነክስ ጥሪ ከገባ፣ ትሬዱ ወደ ሊነክስ ወገን ይሻገራል፤ የጊዜ ዋስትናውም ይጠፋል። ፕሮግራሙ ግን መሥራቱን ስለሚቀጥል ስህተቱ ተደብቆ ይቆያል። በፕሪኤምፕት አርቲ በኩል አንድ ክፉ ድራይቨር ሁሉንም ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ መዘግየትን በሚለካው ፕሮግራም በሳይክሊክቴስት፣ ማሽኑን በሥራ አጨናንቆ መለካት ግድ ነው፤ አማካዩን ትቶ ትልቁን መዘግየት ማየት።

ዙሩ አንድ ሚሊሰከንድ አካባቢ ከሆነና መሣሪያው ለዓመታት የሚዘመን ከሆነ ፕሪኤምፕት አርቲ ይሻላል። በደካማ ፕሮሰሰር ላይ በአሥር ማይክሮሰከንዶች የሚቆጠር ዙር ከተፈለገ ዜኖማይ ድካሙን ይክሳል።