ከሱቅ የወጣ ሾው ኬዝ ለእስስት ቤት ይሆናል? የዘጠኝ ወር ተሞክሮዬ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሾው ኬዝ የሚሠራው ዕቃ ለማሳየት ነው። እስስት ደግሞ ላለመታየት የተፈጠረች ናት። ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ስታገል የከረምኩት እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ነው።

ዕቃው አንድ ሞባይል ቤት ሲዘጋ የሸጠው ባለ አሉሚኒየም ሾው ኬዝ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲም። ፊቱ ሁለት ተንሸራታች መስታወት፣ ግራና ቀኙ መስታወት፣ ውስጡ ሦስት የመስታወት መደርደሪያ። ጣሪያው ላይ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ የኤልኢዲ መብራት አለው። ጀርባው ፊት ማያ መስታወት፣ ወለሉ ቺፕውድ ነው። 5,500 ብር ከፈልኩበትና በጋሪ አስጭኜ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ድረስ አመጣሁት። ባለጋሪው መንገዱን ሙሉ «ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» እያለ ጠየቀኝ። እስስት ላስቀምጥበት ነው ማለት አፍሬ «አዎ» አልኩት።

እስስቷን ፈልጌ አላመጣኋትም። ጓሯችን ካለው ማንጎ ሥር ድመት ስታንገላታት ነው የደረስኩት። የእስስት እግር እንደ ፒንሳ ነው፤ ጣቶቹ ለሁለት ተከፍለው ቅርንጫፉን ከዚህና ከዚያ ይጨብጡታል። የእሷ የኋላ ቀኝ እግር ግን መጨበጥ አቁሟል። የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወዳጄ አይቶ «ዛፍ ላይ ብትመለስ ትወድቃለች» አለኝ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ አይያዝምና ለሚመለከተው ክፍል አስታውቄ ነው ያቆየኋት። አይታችሁ አማራችሁና ከዛፍ አውርዳችሁ እንዳታመጡ፣ እባካችሁ።

ጎረቤታችን እማማ ሲያዩዋት አማተቡ። «ምነው ልጄ፣ ሌላ እንስሳ አጣሽ?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጥፋት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። አንድ የዘይቱን ቅርንጫፍ አቆምኩና አስገባኋት። ቀስ እያለች፣ እንደ ልማዷ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘች ወጣች። አንዱ ዓይኗ እኔን ያያል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይዞራል። ድንገት ሁለቱም ዓይኖች የሾው ኬዙ ጀርባ ላይ ተተከሉ። ሰውነቷ ከጎን ሲታይ እንደ ቅጠል ሰፋ፣ አረንጓዴው ጠቆረ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣባት፣ አፏን ከፈተችና እንደ እባብ ተነፈሰች። ቆንጆ ነው ብዬ ቪዲዮ ቀረጽኩ! ለካ መስታወቱ ውስጥ ያየችው ሌላ እስስት ነው። እስስት ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ጎረቤት አትወድም። ያ ጎረቤት ደግሞ ሌሊት ካልሆነ በቀር የትም አይሄድላትም። ሁለት ቀን ፌንጣ ሳትነካ ዋለች። ጀርባውን በጋዜጣ ብሸፍነው እርጥበት አላሽቆ ጣለው፣ ቀጥሎ ካርቶን ሞከርኩ፣ በመጨረሻ ነቅዬ አወጣሁት። የጎኑ መስታወትም ቢሆን ማታ መብራት ሲበራ ያው ፊት ማያ ነው።

ስለ ቀለም ካነሳሁ አይቀር፣ እስስት ያረፈችበትን ነገር እየመሰለች ትለዋወጣለች የሚባለውን እኔም አምን ነበር። ቀለሟን በዋናነት የሚለውጠው ስሜቷና ሙቀቱ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካር እስስት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቆዳዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚያንጸባርቁት ብርሃን እንደሚለያይ አሳይተዋል። ለእኔ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ቤቱ ሲበላሽባት የምትነግረኝ በቀለሟ ነው። ሲበርዳት ትጠቁራለች፣ ሲሞቃት ትነጣለች።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነጣች። ሾው ኬዙ መስኮት ሥር ነበር። ምሳ በልቼ ስመለስ አፏን ከፍታ አንገቷን ዘርግታለች። ውስጥ ያስቀመጥኩት ቴርሞሜትር 41 ይላል። ክፍሉ 26 ነበር! መስታወት ፀሐይ አስገብቶ ሙቀቱን አያስወጣም። በሩም ተንሸራታች ስለሆነ ሁልጊዜ ግማሹ ዝግ ነው። ያን ዕለት እጄ እየተንቀጠቀጠ ውሃ ረጨሁባትና ከሰዓት በኋላውን ሾው ኬዙን የሚፈታልኝ ሰው ስፈልግ ዋልኩ።

አሉሚኒየም ቤት ያሉት ጋሼ ዕቃውን ዞር ዞር እያሉ አዩት። «ጣሪያው ይውጣ፣ ጎኑ ይውጣ፣ በሩ ይውጣ ካልሽኝ ታዲያ ሾው ኬዙን ምን ልትሠሪበት ገዛሽው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጣሪያውን፣ በሩንና አንዱን ጎን አውጥተው ወንፊት አለበሱልኝ። በሩንም ከተንሸራታች ወደ ባለማጠፊያ ቀየሩት፣ ትንሽ መቀርቀሪያም ገጠሙለት። በሐይቁ አቅጣጫ ያለውን ጎን ብቻ እንደነበረ ተውነው። ወደ ማታ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል። ዘጠኙን ወር ሙሉ ሳልጸጸትበት የቀረሁት ውሳኔ ይሄ ብቻ ነው።

ወንፊቱን ግን ሁለቴ ከፍያለሁ። መጀመሪያ ያስለበስኩት ተራው የመስኮት ናይለን የትንኝ ወንፊት ነው። ፌንጣዎቹ በሳምንት ውስጥ በሉት። ጠዋት ስነሳ ሳሎኑ ፌንጣ በፌንጣ ሆኗል፣ እህቴም አልጋ ላይ ቆማለች። ይባስ ብሎ ቀዳዳው ጥቃቅን ስለሆነ የእስስቷ ጥፍር እየተያዘ ይቀራል። በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ የሽቦ ወንፊት ካገኘሁ በኋላ ሁለቱም ችግር ተቃለለ። ትንንሾቹ ፌንጣዎች ግን አሁንም ይወጣሉ። በነገራችን ላይ ፌንጣ ከጫት ማሳ አካባቢ አትልቀሙ፣ መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ይችላል።

ኤልኢዲው ጌጥ ነው። እስስት አጥንቷ እንዲጠና አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ያስፈልጋታል። ተራ መስታወት ደግሞ ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ማለትም መስኮት ሥር ሆና ፀሐይ ስትሞቅ ታገኝ የነበረው ሙቀቱን ብቻ ነው። ለዚህ የተሠራውን አምፖል እዚህ ባሕር ዳር ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ጋሼ ከሥሩ አራት ጎማ ገጠሙለትና ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት በረንዳ ላይ እየገፋሁ አወጣዋለሁ። ግማሹን ሁልጊዜ ጥላ አደርገዋለሁ፤ ሲበቃት ራሷ ትሸሻለች። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ ዱቄት አድርጌ ደግሞ ፌንጣውን እነሰንስበታለሁ። እናቴ ሙቀጫዋን ለምን እንደምፈልገው ስታውቅ ሌላ ግዢ አለችኝ፣ ገዛሁ።

ውሃው ሌላ ታሪክ ነው። በሳህን አስቀምጬላት ነበር፣ አጠገቡ ቆማ በጥም ልትሞት ትችላለች። የቆመ ውሃን እንደ ውሃ አትቆጥረውም፣ የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው። ከፋርማሲ አዲስ የጉሉኮስ መስመር ገዛሁ። ሃይላንድ ቀዳድጄ ሰክቼ ጣሪያው ላይ ዘቀዘቅኩት፣ በሁለት ሴኮንድ አንድ ጠብታ ቡና ችግኙ ላይ ያርፋል። (ችግኙ ከዘጌ የመጣ ነው፣ ከዕቃው ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።) የመጀመሪያውን ጠብታ ስታይ ዓይኗን አጠበበችና ቅጠሉን በከንፈሯ ያዘችው። ሃያ ደቂቃ ጠጣች። ሃያ ደቂቃ! ስንት ቀን ተጠምታ ነበር ማለት ነው። አሁን ኩሷን አያለሁ፤ አብሮ የሚወጣው ነጭ ነገር ነጭ ከሆነ ጥሩ፣ ብርቱካንማ ከሆነ ውሃ አንሷታል።

ያ ሁሉ ጠብታ የሚወርደው ቺፕውዱ ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ እንደ ዳቦ ነፋ፣ ጥር ላይ ተፈረካከሰ። አውጥቼ ጣልኩና ፕላስቲክ ሳፋ በስቼ አስገባሁ፣ ከሥሩ ባልዲ።

የጥር ሌሊት ያስፈራኝ ነበር፣ ግን ቀላል ሆነ። ሌሊት ቀዝቀዝ ማለቱን ትችላለች፤ ጠዋት ከሰል መስላ ትነሳና ፀሐይ ስትነካት በአሥር ደቂቃ አረንጓዴ ትሆናለች። ደመና ለሆነ ቀን የጫጩት ማሞቂያ አምፖል ከጣሪያው ወንፊት በላይ ሰቅያለሁ። ውስጥ አታስገቡት፣ ተጠምጥማበት ትቃጠላለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው እንደ ሰው ነው፣ እንጠብቃለን።

የሾው ኬዙን ትልቁን ጉድለት ያየሁት ግንቦት ላይ ነው። እስስቷ ከላይ ወርዳ ወለሉ ላይ መመላለስ ጀመረች። ማእዘን ማእዘኑን ትቧጥጣለች፣ ምግብ ተወች። ሴት እስስት ወንድ ሳታይም እንቁላል ልትይዝ እንደምትችል አላውቅም ነበር። አንዳንድ ዝርያ ይወልዳል፣ የእኔዋ ግን ቆፍራ ነው የምትጥለው። የምትቆፍርበት አፈር ካጣች እንቁላሉ ውስጧ ቀርቶ ሊገድላት ይችላል። ሾው ኬዝ ደግሞ አፈር የሚይዝ ጥልቀት የለውም። የቡናውን ሥር ስትቧጥጥ አይቼ ነው የነቃሁት። ባልዲ ውስጥ እርጥብ አሸዋና አፈር ደባልቄ እስከ 30 ሳንቲም ሞልቼ ሳፋው ላይ አቆምኩላት፣ ሾው ኬዙንም በነጠላ ሸፈንኩት። እየታየች አትቆፍርም። አንድ ቀን ተኩል ፈጀባት። ስትወጣ ግንባሯ ላይ ጭቃ ነበር፣ ጎኗ ገብቶ የጎድን አጥንቷ ይታያል። 23 እንቁላል ቆጠርኩ፣ አልፈለፈሉም። ነጠላውን ከዚያ በኋላ አላነሳሁትም። አሁንም ግማሹን ጎን ይሸፍናል፣ ምግቧንም ከሱ ኋላ ሆና ነው የምትበላው።

አሁን ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አላቆመም። ቅርንጫፎቹ እየሻገቱ በየሁለት ሳምንቱ እቀይራለሁ፣ የአሉሚኒየሙ ፍሬም ግን ዝገት የለ፣ መጣመም የለ። ፍሬሙ ዕድሜ ልክ ይሄዳል።

ሒሳቡን ስደምር ከነወንፊቱ፣ ከነጎማው፣ ከነጋሼ ድካም 9,800 ብር ገብቷል። ጋሼ ከባዶ በፍሬምና በወንፊት ብቻ በ6,000 እንሠራዋለን ይሉ ነበር፣ ያውም ከሥሩ የአፈር መሳቢያ ያለው። እንግዲህ ቤታችሁ የተቀመጠ ሾው ኬዝ ካለ ፍቱትና ተጠቀሙበት። እንደ እኔ ከሱቅ ልትገዙ ከሆነ ግን ተዉት።

የወጣው መስታወት አልተጣለም። ሦስቱን መደርደሪያ እማማ ወስደው ስኒ ደርድረውባቸዋል። የጀርባውን ፊት ማያ እህቴ ኮሪደሩ ላይ ሰቅላዋለች። እስስቷን በእጄ ይዤ በዚያ ሳልፍ ፊቷን በመዳፌ ሸፍኜ ነው።